ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ምድጃ

ነገሩ የጀመረው በመኪናዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፊት መብራቱን የሚይዘው ፕላስቲክ ተሰበረብኝና ሶማሌ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኩ፤ የለም። ሞዴሉ አርጅቷል፣ እቃው መምጣት አቁሟል አሉኝ። ሲቸግረኝ ቶርኖ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አገላብጦ አየውና ሳቀብኝ። ፕላስቲኩን ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ችግሩ ሞልዱ ነው አለኝ።

ሞልድ የሚባለው ፕላስቲኩ ወይም አሉሚኒየሙ ቀልጦ የሚገባበት፣ ከዚያም ቅርጹን ይዞ የሚወጣበት ብረት ነው። እንጀራ በቀን ስንት ጊዜ ይጋገራል፤ ምጣዱ ግን አንድ ነው። መኪና የሚሠሩ አገሮች ሀብታቸው መኪናው ብቻ አይደለም፤ በየፋብሪካው የተደረደረው ምጣድ ነው። እኛ መኪና እንገጣጥማለን፣ ምጣዱ ግን የሌላ ሰው ነው። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ስለ መብራቴ ረስቼ ስለ ሌላ ሰው ማሰብ ጀመርኩ። ስለ መይሳው ካሳ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምሕንድስና ይማር ነበር። የሚማርበት የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙ ጋፋት ነው። ለቡሄ ልጠይቀው ሄጄ ጋሼ ና ላሳይህ ብሎ ከከተማው ወጣ ወዳለው የጋፋት ጉብታ ወሰደኝ። ነሐሴ ነው፤ መሬቱ ጭቃ፣ ጉና ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም፣ ድንች የተዘራበት ማሳ አረንጓዴ ነው። የሚታይ ትልቅ ነገር የለም። ሐውልት ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ ትንሽ ቅር አለኝ። ልጁ ግን ጎንበስ ብሎ ጥቁር፣ ክብደት ያለው፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነገር አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። የብረት አር ነው። ማዕድን ሲቀልጥ የሚተፋው ቆሻሻ።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ሁለት ነገር ነው፤ ሴባስቶፖልና ሽጉጡ። መድፉና ሞቱ። እኔ ግን ያን ቀን ያን አር ይዤ ሳስበው የሕይወታቸው መሃል ያለው እዚህ ጉብታ ላይ ነው ብዬ አመንኩ።

ካሳ ኃይሉ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። አባቱ ከአገር ገዢዎች ዘር ናቸው፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ግን ባላቸው ከሞቱ በኋላ ችግር ላይ ወደቁ። ጠላቶቹ ንጉሥ ከሆነ በኋላም ሳይቀር የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ልጅ ሆኖ ገዳም ገብቶ ተማረ፤ የተማረበት ገዳም በሽፍቶች ሲጠፋ አምልጦ ወጣ። ከዚያ የአጎቱ ልጆችና ዘመዶቹ ግዛት ሲሻሙ እሱ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ልለፈው።

የማልዘለው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የሆነውን ነው። ካሳ ብዙ ሰው ይዞ፣ ወደ ሱዳን ዘልቆ፣ ምሽግ ውስጥ ያሉትን ግብፆች ገጠመ። ግብፆቹ በቁጥር ያንሳሉ፤ ግን ሥርዓት ያለው ወታደርና መድፍ አላቸው። የካሳ ሰዎች በጀግንነት ወደ ምሽጉ ሮጡ፣ መድፉ ሜዳው ላይ ረፈረፋቸው። እስከዚያ ቀን ካሳ የሚያውቀው ጦርነት ፈረስ፣ ጋሻና ልብ ነው። ደባርቂ ላይ የልብ ወሰኑን አየ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የመድፍ ፍቅሩ የጀመረው እዚያ ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። በእኔ ግምት ግን ያን ቀን ያየው መድፉን ብቻ አይደለም። መድፉን የሠራ ሌላ ቦታ፣ ሌላ እጅ እንዳለ አይቷል።

ከደባርቂ በኋላ ያለው እንደ ጎርፍ ነው። በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ አማቱን ራስ አሊን አሸነፈ። ራስ አሊ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ የካሳ ሆነች። በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገና በዚያው ወር ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። እኔም ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው።

ንጉሡ ዙፋን ላይ ብዙም ሳይቆዩ ከስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለ የክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተላኩ ወጣቶች መጡ። የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ናቸው፤ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝሌን፣ ቆይቶም ቫልድማየር። ዓላማቸው ወንጌል ማስተማር፣ በተለይም ቤተ እስራኤልን። ቴዎድሮስ ወንጌላቸውን አልጠሉም፤ የፈለጉት ግን እጃቸውን ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀመጧቸው። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከፖላንድ የመጣ ብረት አቅላጭና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ የጠመንጃ ሠሪም አብረው ነበሩ። ቫልድማየር የንጉሡን እንግሊዛዊ ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ ሆል ደግሞ የጀርመናዊውን ሠዓሊ የዛንደርን ኢትዮጵያዊት ልጅ። ጋፋት ትንሽ መንደር ሆነች። ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ነበራት።

መጀመሪያ የታዘዙት ቀላል ቀላሉን ነው፤ መንገድ፣ ጋሪ፣ ጠመንጃ መጠገን። ከዚያ አንድ ቀን ንጉሡ መድፍና የሚፈነዳ ጥይት ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ደነገጡ። አናጢ፣ አንጥረኛ፣ መምህር ናቸው እንጂ መድፍ የሠራ በመካከላቸው የለም። አንችልም አሉ። ንጉሡ አልተቀበሉም። እሺ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። ይህ የቴዎድሮስ አሠራር ነው፤ ያስደንቃልም ያስፈራልም። ሰዎቹ ሳይወዱ ሞከሩ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እዚህ ላይ ሌላ ንጉሥ ቢሆን ኖሮ አንገት ይቆርጥ ነበር። ቴዎድሮስ ግን ሙከራው ራሱ ደስ አላቸው፤ ደግማችሁ ሞክሩ ብለው አበረቷቷቸው። ደገሙት፣ ሠለሱት፣ በመጨረሻ ወጣ። የሐር ልብስ፣ ያጌጠ በቅሎና ገንዘብ ተሸለሙ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፤ ምክንያቱም መድፍ ማቅለጥ ከባድ መሆኑን እናውቃለን እንጂ የቱ ጋ ከባድ እንደሆነ አንጠይቅም። የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። መዳብና ቆርቆሮ ማቅለጥ ይቻላል፤ ወናፍና ከሰል ካለ ይቀልጣል። ከባዱ የሚፈስበት ቅርጽ ነው፤ ያው ሞልዱ። ከሸክላ ጭቃ ይሠራል፣ መሃሉ ባዶ እንዲሆን ሌላ ውስጠኛ ቅርጽ ይገባበታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ጭቃው ውስጥ ትንሽ እርጥበት ከቀረ የቀለጠው ብረት ሲነካው እንፋሎት ይሆንና ይፈነዳል። ብረቱ ከበርካታ ምድጃ ባንድ ጊዜ ካልፈሰሰ ደግሞ የቀደመው ሳይጋጠም ይበርዳል። ወፍራሙ ቦታ ዘግይቶ፣ ቀጭኑ ቶሎ ከበረደ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ይቦረቦራል። መጨረሻ ላይ ጭቃው ይሰበርና መድፉ ይወጣል። ለሚቀጥለው መድፍ እንደገና ከዜሮ።

ልጁ ይህን እያወራኝ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ የመኪና ፋብሪካዎች የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው አለኝ። ቀዝቃዛ ውኃ በሞልዱ ውስጥ እየተመላለሰ ሙቀቱን ይወስዳል። የውኃው ቀዳዳ የሚበሳው በመሰርሰሪያ ስለሆነ ቀጥ ያለ ነው፤ የእቃው ቅርጽ ግን ጠማማ። ስለዚህ ውኃው የማይደርስበት ጥግ ይቀራል፣ እዚያ ጥግ ላይ ያለው እስኪበርድ ድረስ ማሽኑ ይጠብቃል። አሁን መላው ተገኝቷል። የብረት ዱቄት ከፀጉር በቀጠነ ንጣፍ ይነጠፋል፤ ሌዘር የሚፈለገውን ቦታ ብቻ እያቀለጠ ያጣብቀዋል፤ ሌላ ንጣፍ ይደረባል፤ ብዙ ሺህ ጊዜ። ሞልዱ እንደ ሕንፃ ከታች ወደ ላይ ይታነጻል። ያኔ የውኃው መንገድ እንደ ደም ሥር እቃውን ተከትሎ መጠማዘዝ ይችላል። እቃው ቶሎ ይበርዳል፣ ባንድ ቀን ብዙ ይወጣል። ከማሽኑ ሲወጣ ግን አላለቀም፤ በእሳት ይጠነክራል፣ ፊቱም በፍሬዛ ይስተካከላል። ማሽኑም ዱቄቱም ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ሙሉው ሞልድ ሳይሆን ሙቀት የሚያስቸግረው ቁራጭ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤታችሁ ይህ ማሽን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። በምስል ነው የተማርነው አለኝ። ጋፋት ላይ ቆመን ነው ይህን የምናወራው።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። ቴዎድሮስ መድፍ መግዛት ይችሉ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ባሕሩ በቱርክና በግብፅ እጅ ነው፤ የገዙት መሣሪያ ምጽዋ ላይ ይቀራል። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ግን የሰውዬው ባሕርይ ይመስለኛል። የተሠራ ነገር ሲሰጣቸው ደስ የሚላቸው ለጊዜው ነው፤ ሠሪውን ሲያገኙ ግን አይለቁም። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ሎንዶን መልስ ሳትሰጥ ቆየች። ንጉሡ ተናቅሁ ብለው ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ራሳም መልስ ይዞ ሲመጣ ነገሩ የበረደ መስሎ ነበር። ያኔ ቴዎድሮስ ያደረጉትን ተመልከቱ። ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። የላኩት ወርቅ እንዲያመጣ አይደለም፤ መድፍ እንዲያመጣም አይደለም። የእጅ ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያ እንዲያመጣ ነው።

እንግሊዞች እሺ አሉ። ባለሙያዎቹ ተመረጡ፣ መሣሪያው ተገዛ፣ ምጽዋም ደረሰ። እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን አይወጣም ተባለ። ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹ ካልመጡ አልፈታም። ከሁለት አንዱ መጀመሪያ ማመን ነበረበት፤ አንዱም አላመነም። መሣሪያው ምጽዋ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ቆየና ተመለሰ። ስለ ቴዎድሮስ ሳነብ ከመቅደላ ይልቅ እዚህ ቦታ ላይ ነው ልቤ የሚሰበረው። ከምጽዋ እስከ ጋፋት በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ንጉሡን ብቻ እያዘንን እንዳንሄድ። በእነዚያው ዓመታት ቴዎድሮስ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ ተቃጠሉ። የበጌምድር ገበሬ፣ ማለትም የዛሬው ደቡብ ጎንደር ሰው፣ እህሉ ተዘርፎ፣ ቤቱ ነድዶ፣ ብዙው ተገድሎ ወይም ጫካ ገብቶ ነበር። አገሩ በሙሉ ሸፍቶባቸው የቀራቸው ደብረ ታቦርና መቅደላ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የጋፋት ምድጃ የነደደው በዚህች አገር መሃል ነው። ፍሙ ከየት እንደመጣ፣ ከሰሉን የተሸከመው ማን እንደሆነ፣ ምን በልቶ እንደሠራ ማሰብ ያስፈልጋል። ሌላም አለ። ባላገሩ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ የሚሸሸው፣ ጠይብ እያለ የሚሰድበው ዘመን ነው። ንጉሡ ከነጮቹ ጋር ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሲውሉ የመኳንንቱ ፊት ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም። የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በኋላ ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በእስር ያሳደጓቸው ምኒልክ።

በዚያው በ1859 ትልቁ መድፍ ፈሰሰ። ሰባ ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ሴባስቶፖል ያሏት በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ስሟ በገነነው የሩሲያ ምሽግ ነው ይባላል። ንጉሡ የዚያን ቀን የተሰማቸውን ደስታ በዓይኔ ያየሁት ያህል ይታየኛል። ደባርቂ ላይ ከተሸነፉ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ዛሬ ከደብረ ታቦር ተነስታችሁ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጋችሁ ወደ ወልድያ የምትሄዱ ሰዎች አገሩን ታውቁታላችሁ። በመኪና እንኳ ልብ ያርዳል። ያኔ መንገድ የለም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየቆረጡ መንገድ ሠሩ። ሴባስቶፖልን ብቻ ወደ 500 ሰው ይጎትታታል። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጡ፤ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ሊሞላ ነው። በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር ዙላ ላይ 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆን አውርዶ፣ ሐዲድ ዘርግቶ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። እንግሊዞች ጅዳ ሲደርሱ የተሻገሩት ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባስቆረጡት መንገድ ነው። ጥሩ መንገድ ነው ብለውም አድንቀዋል።

ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ፋህላ ላይ ከተጠመዱት ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ንጉሡ ያመኑበት ነገር በዓይናቸው ፊት ነው የከዳቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ ልጃቸው ዓለማየሁ፣ መጻሕፍቱ፣ ዘውዱ።

የማይወራው ስለ ጋፋት ሰዎች ነው። ናፒየር ከእስረኞቹ ጋር የእጅ ባለሙያዎቹንም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ይዟቸው ወጣ። ቫልድማየር ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትዝ ሆል ያፋ ሰፈረ። ያ የምናውቀው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የሆል የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ አያቱ በዚያው ዓመት መቅደላ ላይ የተወለደችው ማግዳሌና ናት። እውቀቱ እንዲህ በየአገሩ ተበተነ። ጋፋት ላይ ወናፍ ሲነፉ፣ ጭቃ ሲያቦኩ፣ ብረት ሲቀዱ የነበሩት ያገራችን ልጆች ግን ስማቸው አልተጻፈም። መድፉን ሲሠሩ ያዩት፣ የነኩት እነሱ ናቸው። ወደየት እንደተበተኑ፣ ያዩትን ለማን እንዳስተማሩ ሳስብ እንቅልፍ ያሳጣኛል። ሴባስቶፖል አሁንም መቅደላ ላይ ናት፣ ቅጂዋም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆማለች፤ በየቀኑ በታክሲ አልፋታለሁ። ጋፋትን የሚያሳይ አደባባይ ግን አላየሁም።

ያን ቀን ጉብታው ላይ የብረት አሩን ኪሴ ውስጥ ልከት ስል ከብት ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ከሩቅ አይተውኝ ኖሮ መጡ። አልተቆጡም። አንተ ብትወስድ፣ ሌላው ቢወስድ፣ ለልጆቻችን ምን እናሳያለን አሉኝ። አፈርኩ። መልሼ አስቀመጥኩት። የእህቴ ልጅ በስልኩ ፎቶ አነሳውና መጠኑን በጣቱ ለካ።

አሁን አዲስ አበባ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። የመብራቴን ማቀፊያ ተሰብሮ የቀረውን ሰጥቼዋለሁ። በኮምፒዩተር ሥዕሉን ጨርሷል፤ ሞልዱን በፍሬዛ ከብረት ሊቆርጥ ነው። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶበታል።